ሄዶ የሚመለሰው ትኩሳት፦ ሮበርት ኮክ እና የሲራራ መንገዷ መዥገር

ትኩሳቱ በድንገት ይነሳል። ራስን ይበጠብጣል፣ ወገብና ጉልበትን ይሰብራል፣ ብርድ ብርድ ያሰኛል። አራት አምስት ቀን ከአልጋ ካጣበቀ በኋላ አንድ ሌሊት ሕመምተኛውን በላብ አጥምቆ ይለቀዋል። ቤተሰብ ተመስገን ይላል፤ ሰውየውም ሥራው ላይ ይውላል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ያው ትኩሳት ተመልሶ ይመጣል። የሕክምና ባለሙያዎች የትኩሳት ግርሻ ይሉታል። በአንድ ዓይነት ነገዱ በቅማል፣ በሌላው ነገዱ ደግሞ በመዥገር ይተላለፋል። በዛሬው አምዳችን የዚህን በሽታ ነገር የምናነሳው መዥገሯን በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ዳር አጎንብሰው ሲፈልጉ በነበሩት ጀርመናዊ ሐኪም በሮበርት ኮክ ሕይወት በኩል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮክን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በቲቢ ነው። የተወለዱት ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በሐርዝ ተራሮች በምትገኘው የማዕድን ከተማ ክላውስታል ነበር። አባታቸው የማዕድን ሥራ ባለሙያ ሲሆኑ ቤቱ በልጆች የተሞላ ነበር፤ አሥራ ሦስት ተወልደውበታል። ሮበርት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ጋዜጣ እያዩ በራሳቸው ማንበብ እንደቻሉ ይነገራል። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1866 ተመረቁ። ምኞታቸው በመርከብ ሐኪምነት ዓለምን መዞር ነበር ይባላል፤ ትዳር ሲይዙ ግን ኑሮ ወደ ገጠር ወሰዳቸው። በ1872 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ቮልሽታይን የወረዳ ሐኪም ሆነው ተቀጠሩ።

በአካባቢው ከብቱንም ሰውንም አባ ሰንጋ ይፈጅ ነበር። ኮክ ሕሙማን ከሚያዩበት ክፍል ጥግ ከልለው በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥራ ጀመሩ። ቤተ ሙከራም፣ ረዳትም፣ የምርምር ገንዘብም አልነበራቸውም። በአባ ሰንጋ ከሞተ ከብት የተወሰደ ደም በእንጨት ስንጣሪ እየነከሩ አይጦችን ይወጉ ነበር። ባክቴሪያውን ከበሬ ዓይን በተወሰደ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ እያራቡ፣ ሲከፋው ጠጣር ቅርፊት ለብሶ በአፈር ውስጥ ዓመታት እንደሚቆይ አዩ። ውጤቱ በ1876 ሲታተም ማንም የማያውቃቸው የገጠር ሐኪም በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ መነጋገሪያ ሆኑ።

በ1880 ወደ በርሊን ተጠሩ። ማርች 24 ቀን 1882 የቲቢን ባክቴሪያ ለጉባኤ አሳወቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከግብጽና ከሕንድ የኮሌራን አምጪ ይዘው ተመለሱ። በዚያ ዘመን አንዱ ተህዋሲ ወደ ሌላው ይለወጣል፣ ዛሬ ምንም የማያደርገው ነገ ገዳይ ይሆናል ብለው የሚያምኑ ምሁራን ነበሩ። ኮክ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ለእርሳቸው እያንዳንዱ በሽታ የራሱ አምጪ አለው፤ አምጪውም ለይቶ ሊያድግ፣ ሊታይና ሊታወቅ የሚችል፣ ጠባዩ የማይናወጥ ነገር ነው። የዘመናዊው ሕክምና ግማሽ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ ይኸው ሐሳብ በኋላ ዕድሜያቸው ሲፈተን እናያለን።

ዝና ብቻቸውን አልመጣላቸውም። በ1890 ቱበርኩሊን የተባለ የቲቢ መድኃኒት አገኘሁ ብለው አስታወቁ፤ ከምን እንደተሠራ ግን ለጊዜው አልገለጹም። ሕሙማን ከየአገሩ ወደ በርሊን ጎረፉ። መድኃኒቱ አላዳነም፤ ሕመማቸው የባሰባቸውና የሞቱም ነበሩ። ዛሬ ከቱበርኩሊን የቀረው ቲቢ በሰውነት ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚጠቁመው የቆዳ ምርመራ ነው። በ1893 ደግሞ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ፈትተው በዕድሜ እጅግ የሚያንሷቸውን ወጣት ሴት አገቡ፤ የበርሊን ኅብረተሰብም ብዙ አወራ። ከዚህ በኋላ ኮክ ከበርሊን ይልቅ በሩቅ አገር መቆየትን የመረጡ ይመስላሉ።

ወደ አፍሪካ ያመጣቸው የከብት እልቂት ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ በአገራችን የገባውና ከክፉ ቀን ጋር የምናስታውሰው የከብት ደስታ በሽታ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቆይቶ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ነበር። ኮክ እዚያ ተጠርተው መከላከያ ሲፈልጉ ከርመው ወደ ዳሬሰላም ዘለቁ። በዳሬሰላም ከብቶች ደም ውስጥ ደቃቅ ተህዋሲያን አዩ፤ መዥገር የሚያመጣው የአሜሪካው የቴክሳስ ትኩሳት አንድ የዕድገት ደረጃ ነው ብለው ደመደሙ። ተሳስተው ነበር። በ1903 በዛሬዋ ዚምባቡዌ ቡላዋዮ የከብት ወረርሽኝ እንዲመረምሩ ሲጠሩ ያ በዳሬሰላም ያዩት ነገር ሌላ፣ ራሱን የቻለ ገዳይ በሽታ መሆኑን ተረዱ። በማይክሮስኮፕ ሥር የሚመሳሰሉ ሁለት ነገሮች አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉ በዓለም ላይ ከማንም በላይ ያስተማሩት ሰው ራሳቸው በመመሳሰል ተታለሉ።

የተገላቢጦሹም ደርሶባቸዋል። በ1901 ለንደን ላይ በተደረገ የቲቢ ጉባኤ የሰውና የከብት ቲቢ ባክቴሪያዎች የተለያዩ ናቸው አሉ። በዚህ ልክ ነበሩ። ስለዚህ ከላም ወደ ሰው የመተላለፉ ነገር እምብዛም አያሳስብም ሲሉ ግን ተሳሳቱ፤ በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ያልፈላ ወተት የከብቱን ቲቢ ወደ ሰው እንደሚያመጣ አረጋገጡ። ጥሬ ወተት ለሚወደው ለእኛ አገር ሰው ይህ ዛሬም ያለቀ ወሬ አይደለም።

ወደ መዥገሯ እንመለስ። በ1905 ኮክ የ61 ዓመት ሰው ሆነው እንደገና በጀርመን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በዛሬዋ ታንዛኒያ ተገኙ። ከዳሬሰላም ወደ መሐል አገር በሚወስዱት የሲራራ ነጋዴ መንገዶች ላይ መንገደኞችና ተሸካሚዎች በሚያገረሽ ትኩሳት ይወድቁ ነበር። ነዋሪው ጥፋተኛዋን ያውቃታል፤ በስዋሂሊ ፓፓሲ ይላታል። ዴቪድ ሊቪንግስተንም በ1857 ባሳተሙት የጉዞ መጽሐፍ የመዥገር ንክሻ ስለሚያስከትለው ሕመም ጽፈው ነበር። ምን እንደምታስተላልፍና እንዴት እንደምታስተላልፍ ግን ገና መታየት ነበረበት።

ኮክ በየመንገዱ ባሉት የማረፊያ ጎጆዎች ወለል ላይ ደረቁን አፈር አስቆፈሩ። ዝናብ ከማይነካው ከጣሪያው ሥር፣ ሰው ከሚተኛበትና እሳት ከሚነድበት አጠገብ መዥገሮቹ ተገኙ። እነዚህ በከብት ጡት ላይ ተጣብቀው እንደምናያቸው ዓይነት አይደሉም። አካላቸው ለስላሳና ቆዳ መሳይ ነው፤ ቀን በስንጥቅና በአፈር ውስጥ ተደብቀው ይውላሉ፤ ሌሊት ወጥተው የተኛውን ሰው ሳያሳምሙ ደሙን መጥጠው ወደ ጉድጓዳቸው ይመለሳሉ። ጠዋት የሚነሳው ሰው መነከሱን እንኳ አያውቅም። ያለ ምግብም ዓመታት መቆየት ይችላሉ።

ኮክ መዥገሮቹን እየከፈቱ ሲመረምሩ እንደተጠመዘዘ ሽቦ ያሉ ቀጫጭን ባክቴሪያዎችን አገኙ። ይበልጥ ያስገረማቸው ደግሞ በእንቁላል ማምረቻዋና በእንቁላሎቿ ውስጥ ማየታቸው ነበር። ከእነዚያ እንቁላሎች የተፈለፈሉት፣ ሰው ነክሰው የማያውቁት ጫጩት መዥገሮች በጦጣ ላይ ሲለቀቁ ጦጣዋ ታመመች። ስለዚህ አንድ ጎጆ አንዴ በዚህች መዥገር ከተያዘ፣ ታማሚ ሰው ባያድርበት እንኳ በሽታው ከእናት ወደ ልጅ እየወረደ ይጠብቃል ማለት ነው። ኮክ ለመንገደኞች የሰጡት ምክር ቀላል ነበር፤ በማረፊያ ጎጆው ውስጥ አትተኙ፣ ድንኳናችሁን ከአሮጌው ሰፈር ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ የሚል። የአገሩ አዋቂዎች ከውጭ ከመጡት ያነሰ መታመማቸውንም አስተውለው፣ በልጅነታቸው በሽታውን ስለሚለምዱት እንደሆነ ገምተዋል።

በዚያው ጊዜ በኮንጎ ሌላ ሐኪም ተመሳሳይ ሥራ እየሠራ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ኤቨረት ዳተን ከጓደኛው ከጆን ቶድ ጋር ሆኖ መዥገሯ በሽታውን እንደምታስተላልፍ አረጋግጧል፤ ሁለቱም በዚያው በሚያጠኑት በሽታ ተይዘዋል። ቶድ ተረፈ። ዳተን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1905 ካሶንጎ ላይ በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ሞተ። ባክቴሪያው ዛሬ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው፤ ቦሬሊያ ዳቶኒ ይባላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በበርሊን የአውሮፓውን የትኩሳት ግርሻ ባክቴሪያ ያየው ኦቶ ኦበርማየርም ግኝቱን ባሳተመበት በ1873 በኮሌራ የሞተው በሠላሳ ዓመቱ ነበር። የዚህ በሽታ ታሪክ ወጣት ሐኪሞችን ጨርሷል።

ታዲያ ኦበርማየር በርሊን ውስጥ ያየውና ኮክ ዳሬሰላም አካባቢ ያገኙት አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? በማይክሮስኮፕ ለመለየት ያስቸግራሉ። ከ1906 ጀምሮ የተደረጉ የእንስሳት ሙከራዎች ግን ከአንደኛው የዳነ እንስሳ በሌላኛው እንደሚታመም አሳዩ፤ ሰውነት ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል ማለት ነው። የአውሮፓው ዓይነት በመዥገር ሳይሆን በሰውነት ቅማል እንደሚተላለፍም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ታወቀ።

ሙሉው መልስ ለመምጣት ግን አንድ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ የእኛም አገር ድርሻ አለበት። በ2008 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘውን የቅማል ግርሻ ባክቴሪያና ከታንዛኒያ የተገኘውን የመዥገር ግርሻ ባክቴሪያ ሙሉ ዘረ መል አነበቡ። የመዥገሩ 1.57 ሚሊዮን ያህል የዘረ መል ፊደላት ሲኖሩት የቅማሉ 1.24 ሚሊዮን ብቻ ነው ያለው። የቅማሉ ባክቴሪያ ያለው ነገር ከሞላ ጎደል በመዥገሩ ውስጥ አለ። በሌላ አነጋገር በአገራችን ሰው ሲገድል የኖረው የቅማል ግርሻ፣ ኮክ ከጎጆ ወለል ሥር ካወጡት ባክቴሪያ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ወደ ቅማል ተዛውሮ ሲኖር ከዘረ መሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ጥሏል። ደካማ ሆነ ማለት ግን አይደለም። ከሁለቱ የበለጠ ገዳዩ እርሱ ነው፤ ካልታከመ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑ ሕሙማንን እንደሚገድል ይነገራል።

ትኩሳቱ ሄዶ የሚመለስበት ምክንያትም እዚያው ዘረ መል ውስጥ ነው። ባክቴሪያው ላዩ ላይ የፕሮቲን ካባ ለብሷል። ሰውነታችን ካባውን ለይቶ መከላከያ ሲያመርት ባክቴሪያዎቹ ይረግፋሉ፤ ትኩሳቱም ይለቃል። ጥቂቶቹ ግን በመጠባበቂያ ካስቀመጧቸው ዘረ መሎች አንዱን አውጥተው ሌላ ካባ ለብሰዋል። መከላከያው አያውቃቸውም፤ ይራባሉ፤ ትኩሳቱ ይመለሳል። ጠባዩ የማይናወጥ ተህዋሲ ብለው ላስተማሩት ለኮክ ይህ እንግዳ ነገር በሆነባቸው ነበር። ለሕመምተኛው ደግሞ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ላብ አጥምቆ የለቀቀ ትኩሳት ድኗል ተብሎ አይተውም። ምርመራው የጣት ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ባክቴሪያው በብዛት የሚታየውም ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ስለሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያኔ ነው። ምልክቱ ከወባና ከተስቦ ጋር ይመሳሰላል፤ የዓይን ቢጫ መሆንና ነስርም ሊታይበት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለጽንሱም ያሰጋል።

በሽታው በተለመዱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ይድናል። ነገር ግን መድኃኒቱን ከመደብር ገዝቶ ቤት ውስጥ መዋጥ አደገኛ ነው። የመጀመሪያው መጠን በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ከባድ ብርድና ትኩሳት ይነሳል፤ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። በዚያ ሰዓት ሕመምተኛው ባለሙያ አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

የቅማሉ ዓይነት ከመዥገሩ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ቅማል በሽታውን ለልጆቿ አታወርስም፤ ዕድሜዋም የሳምንታት ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው በሰውና በሰው ቅማል መካከል ብቻ ነው። ለዚህ ነው በሽታው ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ልብስ መቀየሪያና ውኃ በሌለበት ቦታ፣ በእስር ቤት፣ በስደተኛ መጠለያና በጎዳና የሚነሳው። ሌላው መታወቅ ያለበት ቅማሏ የምታስተላልፈው በንክሻዋ ሳይሆን ስትጨፈለቅ መሆኑ ነው፤ ከአካሏ የሚወጣው ፈሳሽ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። ብዙዎቻችን ልጅ ሳለን ያየነው ቅማልን በጥፍር የመግደል ልማድ በዚህ ረገድ መጥፎ ልማድ ነው። የሰውነት ቅማል የምትደበቀው በልብስ ስፌት ውስጥ ስለሆነ ልብሱን ማፍላት ወይም ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ ይሻላል።

ኮክ ያጠኑት የመዥገር ባክቴሪያ ባልታሰበ መንገድ ወደ ሌላ ግኝትም አድርሷል። ስዊዘርላንዳዊው ዊሊ በርግዶርፈር ባዝል ውስጥ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ቦሬሊያ ዳቶኒ በአፍሪካዋ መዥገር ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ነበር። በኋላ አሜሪካ ሄዶ በ1973 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ መዥገሮችን የተስቦ አምጪ ይኖርባቸው እንደሆነ መርምሯል። በ1981 ደግሞ ከኒውዮርክ አካባቢ የመጡ መዥገሮችን ሲከፍት በወጣትነቱ የሚያውቃቸውን ዓይነት የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎች አየ። የላይም በሽታ አምጪ የታወቀው በዚህ ነው። እርሱም አንድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ዛሬ ከሃያ በላይ ዘመዳሞች ተለይተዋል። በአሜሪካ ያለው ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያ ያጠቃል፤ በአውሮፓ ካሉት አንዱ ቆዳን፣ ሌላው ነርቭን ይመርጣል። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ወይም በመካከለኛውና በሰሜን አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ ንገሯቸው፤ ጫካና ረጅም ሣር ውስጥ ከዋሉ በኋላ ሰውነታቸውን ይመልከቱ። የዚያ አገር መዥገር በሽታውን ለማስተላለፍ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት ስላለባት ቶሎ በወረንጦ ከቆዳው ጠጋ አድርጎ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይጠቅማል። የሲራራ መንገዷ መዥገር ግን ይህን ያህል ጊዜ አትፈልግም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል።

ኮክ ከምሥራቅ አፍሪካ በተመለሱበት በ1905 መጨረሻ በቲቢ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች የእንቅልፍ በሽታን ሊያጠኑ እንደገና መጡ። ይህ የሕይወታቸው ምዕራፍ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። አቶክሲል የተባለውን አርሴኒክ ያለበት መድኃኒት በሺህ ለሚቆጠሩ አፍሪካውያን ሕሙማን ሰጡ፤ ውጤቱ ጊዜያዊ መሆኑን ሲያዩ መጠኑን ጨመሩ፤ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ጠፋ። በሽተኞቹን በልዩ ካምፖች የመሰብሰብ ሐሳባቸውም በቅኝ ገዥዎች እጅ የግዴታ ሥርዓት ሆነ። በአውሮፓውያን ሕሙማን ላይ እንዲህ ይደረግ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዛሬ በጀርመንም ታሪክ አዋቂዎች ይጠይቁታል።

ሮበርት ኮክ ሜይ 27 ቀን 1910 በባደን ባደን ከተማ በልብ ሕመም አረፉ፤ 66 ዓመታቸው ነበር። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ በርሊን በሚገኘውና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የምርምር ተቋም ውስጥ ተቀምጧል። በ2015 ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ ተነስተው በሱዳንና በሊቢያ በኩል አውሮፓ የደረሱ ወጣቶች በትኩሳት ሲወድቁና ደማቸው ሲታይ የቅማል ግርሻ ሆኖ ተገኘ። ለብዙዎቹ የጀርመን ሐኪሞች በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት በሽታ ነበር። በጀርመን የተገኙትን ሕሙማን ሪፖርት የሚሰበስበው ያው የኮክ ተቋም ነው።